ሀይስኩላችን የስእል ፔሬድ የለውም፣ እኔ ግን አርት መማር ነው ምፈልገው። ምን ላድርግ? (ደብረ ማርቆስ)

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ 10ኛ ክፍል ልጨርስ ነው፣ መስከረም ላይ ናቹራል ወይ ሶሻል መምረጥ አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ከእርሳስ አይለይም፣ 7ኛና 8ኛ እያለን ክወናና እይታ ጥበብ ሚባል ትምህርት ስለነበረ በጉጉት ነበር ምጠብቀው፣ ሀይስኩል ስገባ ግን እኛ ጋ የስእል ፔሬድ ሚባል የለም። ያለኝ ደብተር ሙሉ ስእል ነው፣ አብዛኛው ከስልክ እያየሁ የሳልኩት የአርቲስቶች ፊት ነው። ሀሳቤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው 'አለ' ሚባለው የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ነው። አባዬ ደሞ "ስእል እንጀራ አይሆንም፣ መጀመሪያ ኢንጂነር ሁኚ ከዛ ትስያለሽ" ይላል፣ ስለሚሳሳልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እና አስተማሪ ሳይኖረኝ እንዴት ነው ራሴን ማዘጋጀት ምችለው? ስትሪም ምርጫውስ ላይ ምን ትመክሩኛላችሁ? ብዙ ብርም የለኝም፣ እዚህ ጽህፈት መሳሪያ ቤቶች ያገኘሁት ኤችቢ እርሳስና ከለር ብቻ ነው። ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ።

ቀለም በጥባጭ፦
እህት አለም፣ እኔ ከቡሬ ሄጄ እዛው 'አለ' ነው የተማርኩት ስለዚህ ማውቀውን ልንገርሽ። ትልቁ ነገር፣ ከስልክ መሳሉን ተይውና ፊትሽ ያለውን እቃ መሳል ጀምሪ። ፎቶ ላይ ካሜራው ጥላውንም ርቀቱንም ጨርሶልሽ ነው ሚመጣው፣ አንቺ መስመር ትገለብጫለሽ እንጂ አይንሽ አይሰራም፣ መግቢያ ላይ ደሞ ከ12ኛ ውጤት ሌላ የስእል ፈተና አለ እና እዛ ገልባጭና አይቶ ሚስል ወዲያው ይለያል።
አሁን የቡና ስኒ አምጪና በአይንሽ ትክክል ከፍታ ላይ አስቀምጪው፣ አፉ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታይሻል። ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ አፉ ጠበብ ያለ ሞላላ ይሆናል፣ መሬት ላይ አድርገሽ ቆመሽ እይው ደሞ፣ ሞላላው ወደ ክብ ይጠጋል። ሌላው ብዙ ሰው ሚስተው፣ ስኒው ከአይንሽ በታች ከሆነ የቂጡ ጠርዝ ከአፉ ይልቅ ጎበጥ ብሎ ነው ሚሳለው፣ ቀጥ ካደረግሽው ስኒው ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም ይንሳፈፋል። ይሄ ገብቶሽ ስኒ ከሳልሽ ጀበናም መሶብም ጎጆ ቤትም ያው ህግ ነው። ጠዋት በአንድ መስኮት ብቻ ብርሃን ሚገባበት ክፍል ሳዪው፣ የቱ ጋ ብርሃን የቱ ጋ ጥላ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።
ፊት ላይ ደሞ አይን ሚገኘው ከጭንቅላት አናት እስከ አገጭ መሃል ላይ ነው፣ ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ሰቅሎት ግንባር ያሳጥራል። እናትሽ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ወንድምሽ ሲያጠና፣ አምስት አምስት ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ሳዪ፣ ባያምርም አትቅደጂው ቀን እየፃፍሽ አስቀምጪው።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦
ልጄ ቀለም በጥባጭ ያለሽ ልክ ነው፣ እኔ ግን የትምህርቱን ጎን ልጨምር። በሩ ሚከፈተው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ እና ስእል ይበልጥብኛል ብለው ሂሳቡንና እንግሊዝኛውን የተዉ ጎበዝ ልጆች እጃቸው እያማረ ሲቀሩ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ። ስትሪሙን የተሻለ ውጤት ምታመጪበትን ምረጪ፣ የመግቢያ መስፈርቱን ከመምረጥሽ በፊት ራሱ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደውለሽ አጣሪ። አርክቴክቸርንም ምታስቢ ከሆነ ግን ናቹራል ነው ሚያስፈልግሽ።
ስለ አባትሽ፣ አትጋፈጫቸው። አፈወርቅ ተክሌ በ15 አመቱ እንግሊዝ ሲላክ የማዕድን ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፣ እዛ ነው ወደ ስእል የዞረው፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ስእል የሱ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ግብርና ጀምሮ ትቶ ነው ጀርመን ሄዶ ስእል የተማረው፣ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና ፅሁፍና ስእል ሰሪ ነበሩ። ይሄን ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ስራሽንም አሳያቸው፣ አባት ልጁ ስትለፋ ካየ ይለዝባል። ትምህርት ቤታችሁ ክበብ ይፈቅድ እንደሆነም ርእሰ መምህሩን ጠይቂ፣ አንድ ባዶ ክፍልና አርብ ከሰአት ከሰጡሽ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የዘጌ ጎረቤት፦
እኔ ደሞ ምለው፣ ጎጃም ሆኖ አስተማሪ የለኝም ማለት አይቻልም እህቴ። ክረምት ላይ ባህር ዳር ዘመድ ካለሽ ጀልባ ይዘሽ ዘጌ ሂጂ፣ ኡራ ኪዳነ ምህረት ሴትም ይገባል። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በስእል የተሞላ ነው፣ በጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፣ ቀረብ ብለሽ ካየሽ የጨርቁ ጫፍ የተላቀቀበት ቦታ ይታያል። በሮቹ ላይ መላእክት አሉ፣ በላኤ ሰብም አለ። ደጎቹን ሁሉ ፊታቸውን ሙሉ በሁለት አይን፣ ክፉዎቹን በጎን በአንድ አይን ነው ሚስሏቸው፣ ያንን እያየሽ አንድ ጠባብ ግድግዳ ላይ ያን ሁሉ ሰው እንዴት እንደደረደሩት አስተውይ። ደብተር ይዘሽ ሂጂ፣ ካህኑን አስፈቅደሽ እዛው ቁጭ ብለሽ ንደፊ። ማርቆስም ዙሪያሽን ካየሽ ስእል የሌለበት ቤተክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል።

ታፔላ ፃፊ ከዳንግላ፦
ስለ እቃ እኔ ልመልስ። መሳያ ከሰሉን እራስሽ ስሪው። ወንዝ ዳር ያለ የአኻያ ቀጫጭን እንጨት ቁረጪ (ከሌለ ባህር ዛፍም ይሆናል ግን ይጠነክራል)፣ ልጡን ልጠሽ አድርቀሽ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገሽ ደርድሪው፣ ክዳኑን በደንብ ግጠሚና በሚስማር አንዲት ቀዳዳ ብሺ። እሳት ውስጥ ክተቺው፣ በቀዳዳዋ ጭስ ይወጣል፣ ጭሱ ሲቆም አውጪው። ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቺው፣ አየር ካገኘ እዛው ይቀጣጠልና አመድ ይሆናል። የምግብ ማብሰያው ከሰል ግን ወረቀት ይቧጭራል አይሆንም። ወረቀት ደሞ ማተሚያ ቤት ሂጂና ቁርጥራጭ ጠይቂያቸው፣ ብዙ ጊዜ ሚጥሉት ነው።
ለአባትሽ ሚሆን ሌላም አለ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢቴክስ ሚባለው የጨርቃጨርቅና ፋሽን ተቋም ፋሽን ዲዛይን አለው፣ እጅ ያለው ሰው እዛም ያስፈልጋል። እኔ በዚሁ ስራ ቤት እያስተዳደርኩ ነው፣ ሱቅ ሲከፈት ሁሉ ይጠሩኛል፣ ስለዚህ እንጀራ አይሆንም ሚለውን አልቀበልም።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መምህር እርስዎ ያሉኝን ለአባዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና "ስእሎችሽን አምጪ እስኪ ልያቸው" አለኝ። ስኒውን ሳልኩ፣ ቂጡ እውነትም ይጎብጣል! ታፔላ ፃፊ አንድ ጥያቄ፣ በከሰል የተሳለው ደብተር ሲዘጋ ይጠፋብኛል፣ ምን ይደረጋል?

ታፔላ ፃፊ ከዳንግላ፦
እያንዳንዱ ስእል መሃል ስስ ወረቀት አድርጊ። ለሚያሳሳሽ ስእል የፀጉር ስፕሬይ ከክንድ ርቀት ላይ ስስ አድርገሽ ንፊበት፣ ይደርቅና ደግሞ አንዴ ድገሚ፣ አንዴ አብዝተሽ ከነፋሽው ግን ወረቀቱ ይረጥብና ነጠብጣብ ያወጣል። ውጪ ነፋስ ባለበት ይሁን፣ ሽታው ይከብዳል።