የሰው ስም እንከራይ ወይስ የራሳችንን እንትከል? የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ሃያ ሁለታችን ለአራት ዓመታት ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሥራ ላይ ለማዋል ባለፈው ወር ተስማምተናል። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ ቡናና ኬክ ቤት እንከፍታለን፤ በዚህ ክርክር የለም። የተከራከርነው በር ላይ በሚሰቀለው ስም ነው። አዲስ አበባ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ቡና ቤት ስሙን በፍራንቻይዝ፣ ማለትም በስሙና በአሠራሩ እየሠራን በምንከፍልበት ውል፣ ሊሰጠን ፈቃደኛ ሆኗል። የላከው የውል ረቂቅ መግቢያ 1,500,000 ብር፣ ከየወሩ ሽያጭ 6 በመቶ ለስሙ፣ 2 በመቶ ደግሞ ለማስታወቂያ ይጠይቃል። ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እንዲህ ጀምሬዋለሁ፤ አርሙት።

ረቂቅ አንድ፦ «ማኅበሩ የታወቀ ስም በፍራንቻይዝ ገዝቶ ሥራ ይጀምር።»

ገንዘብ ያዥዋ፦
ጸሐፊያችን፣ ረቂቅዎ ያጠረው ሒሳብ ስላልገባበት ነው። ውሉ «ከሽያጭ» ይላል እንጂ «ከትርፍ» አይልም። ሽያጭ ማለት የወተቱ፣ የዱቄቱ፣ የኪራዩና የደመወዙ ዕዳ ገና ያልተነሣለት ገንዘብ ነው። በወር 600,000 ብር ሸጥን እንበል፤ ወጪው ሁሉ ተነሥቶ ከመቶ ዐሥር ከተረፈን 60,000 ብር ነው። የስሙና የማስታወቂያው 8 በመቶ 48,000 ይወስዳል። መግቢያው ለ60 ወር ሲካፈል 25,000 ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 73,000 ይሆናሉ። በየወሩ 13,000 ብር ከኪሳችን እየጨመርን የሰው ስም ልናስተዋውቅ ነው ማለት ነው።

ስሙ ደንበኛ ያመጣል ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ያምጣ። ከተጨማሪው ሽያጭ ግማሹ እንኳ ቢተርፈን፣ ያለ ስሙ እናገኝ የነበረውን ትርፍ ለማግኘት ብቻ ስሙ በወር ወደ 174,000 ብር የሚጠጋ ተጨማሪ ሽያጭ ማምጣት አለበት። ይህን ያህል ሰው በዚያ ስም የሚገባ ከሆነ ልፈርም።

ከማራኪ ያለች አባል፦
የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ስሙን አይተው ይገባሉ። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳም ያውቀዋል። እርግጥ ተማሪ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት እንደሚቀመጥ አልክድም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ያደረግሁት ነው።

የአዘዞው ባለማደያ፦
ማንም ፍራንቻይዝ ብሎ አልጠራልኝም እንጂ እኔ ዕድሜዬን የኖርሁት በሰው ስም ሥር ነው። ማደያዬ ላይ ያለው ምልክት የእኔ አይደለም፤ ቀለሙ የእነርሱ ነው፣ ማሽኑ የእነርሱ ነው፣ የሠራተኛው ልብስ ሳይቀር የእነርሱ ነው። ጥቅም አለው፤ ሹፌሩ እኔን ሳያውቅ ምልክቱን አምኖ ይቆማል። ነገር ግን ቦቴው ካልመጣ እኔ ባዶ ማደያ ጠባቂ ነኝ። ከሌላ ገዝቼ እንዳልሸጥ ውሉ ይይዘኛል።

አሁን የተላከልንን ውል አንብቡት። የተቆላው ቡና፣ ክሬሙ፣ ሽሮፑ፣ የወረቀት ኩባያው እንኳ ከእነርሱ መጋዘን ብቻ ይገዛል ይላል። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ምን ልንሸጥ ነው? ጎንደር ተቀምጦ ቡና አጣሁ የሚል ባለቡና ቤት ሕፃን ልጅም ይስቅበታል።

ባለዳቦ ቤቷ፦
ጋሼ ስለ መንገዱ ያሉት እውነት ነው። እኔ ግን በራሱ ስም የጀመረ ሰው የሚደርስበትን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል የቀመስሁት እኔ ነኝና። አራዳ ላይ ዳቦ ቤት ስከፍት ስሙን ያወጣሁት በእናቴ ነበር። አንድ ጎበዝ ጋጋሪ ነበረኝ። ዱቄቱን በዓይኑ ይለካል፣ እርሾውን በእጁ ይመጥናል፣ ምድጃው መጋሉን ፊቱን አስጠግቶ ያውቃል። ሰው ከሩቅ ሰፈር ይመጣልን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ዳቦ ቤት ደመወዝ ጨምሮ ወሰደው፤ ዳቦውም አብሮት ሄደ። ስንት ኪሎ ዱቄት ከስንት ሊትር ውኃ ጋር እንደሚቦካ የተጻፈ አንድ ወረቀት አልነበረኝም። አራት ጋጋሪ ቀያየርሁ፤ በየሳምንቱ ሌላ ዳቦ ሸጥሁ፤ ደንበኛ ደግሞ ዛሬ ጥሩ ነገ ጎማ የሆነ ዳቦ አይታገሥም። ዘጋሁት።

ስለዚህ ስም ሻጮቹን አልንቃቸውም። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት የበሩን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የተጻፈ የአሠራር መመሪያ፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ በየጊዜው እየመጣ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ አላቸው። እኔ የጎደለኝ ይህ ነበር። ራሳችን የምንከፍት ከሆነ በሩ ከመከፈቱ በፊት መመሪያው ይጻፍ፤ ካልሆነ የእኔን ዳቦ ቤት በሃያ ሁለት ሰው ገንዘብ ልትደግሙት ነው።

ጸሐፊው፦
እትዬ፣ ይህን በስብሰባ ተናግረውት ቢሆን ረቂቅ አንድን አልጽፈውም ነበር።

ረቂቅ ሁለት፦ «ማኅበሩ በራሱ ስም ይክፈት። ከመክፈቱ በፊት ለእያንዳንዱ ምግብና መጠጥ መጠኑና አሠራሩ በጽሑፍ ይዘጋጅ፤ እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ሠራተኞች ይልመዱት።»

የሕግ ባለሙያው አባል፦
ቸኮላችሁ። አንቀበልም ከማለታችን በፊት ጥቂት ነገር እንጠይቃቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ አለ፤ ፍራንቻይዝ ሻጭ ገዢው ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት 23 ክፍል ያለው የመግለጫ ሰነድ እንዲሰጠው ያስገድዳል። የነባር ገዢዎችና የተዉት ሰዎች ዝርዝር ከነአድራሻቸው በዚያ ውስጥ ይገኛል። ያ ደንብ እኛን አይገዛም፤ ጥያቄውን ግን ማንም አይከለክለንም። ከእናንተ ስም ወስደው የዘጉት እነማን ናቸው? በጎንደር ከእኛ ሌላ ለማንም አትሰጡም? ከአምስት ዓመት በኋላ ሳይታደስ ቢቀር ማሽኑና ቦታው የማን ነው?

ሌላም አለ። ውሉ የአንድ ሰው የግል ዋስትና ይጠይቃል። ሊቀመንበራችን ቤታቸውን ሊያሲዙ ነው? በየትኛውም መንገድ ብንሄድ መጀመሪያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንሁን። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከ2 እስከ 50 አባላት ይፈቀዳል፤ እኛ ሃያ ሁለት ነን።

ከማራኪ ያለች አባል፦
እኔም አንድ ነገር አገኘሁ። ያለ እነርሱ ፈቃድ የምግብ ዝርዝሩን መለወጥ አይቻልም ይላል። ከኬኮቹ ውስጥ የጾም የሆነ አንድም የለም። ረቡዕና ዓርብን ተዉት፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ አለ። ሁዳዴን ሙሉ የክሬም ኬክ ደርድረን በመስታወት ልናሳይ ነው? ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ገንዘብ ያዥዋ፦
እንኳን ቀየርሽ። ከመግቢያው ያዳንነው ገንዘብ ግን ለጌጥ እንዳይውል። ከ1,500,000 ውስጥ 600,000 ብሩ ለስድስት ወር ኪራይና ደመወዝ በዝግ ይቀመጥ። የኤስፕሬሶ ማሽኑን ያገለገለም ቢሆን አሁኑኑ እንግዛ፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ማን ጠብቆ ደረሰበት?

ጸሐፊው፦
ረቂቅ ሦስት፦ «ማኅበሩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ ይመዝገብ፤ በራሱ ስም ይክፈት። የአሠራር መመሪያው በባለዳቦ ቤቷ መሪነት በሁለት ወር ውስጥ ተጽፎ ይለቅ፤ የጾም ዝርዝርም ይካተትበት። 600,000 ብር የሁለት አባላት ፊርማ ካልተገኘ የማይወጣ ተቀማጭ ይሁን። የሕግ ባለሙያው ጥያቄዎች ለስም ሻጩ በደብዳቤ ይላኩ፤ መልሱ በጉባኤው ላይ ይነበብ።»

የአዘዞው ባለማደያ፦
ፊርማው የሦስት ሰው ይሁን። ሁለት ሰው በአንድ ማኪያቶ ይስማማል።

ባለዳቦ ቤቷ፦
መመሪያውን እጽፋለሁ። ያን ጋጋሪ ግን ፈልጉልኝ፤ ከአፉ እየሰማሁ ልጻፈው።