ክርክር፦ የሱዳን ጦር ከፖለቲካ ቢወጣ አገሪቱ ትቆማለች?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች ወዲህ አብዛኛውን ዘመኗን ያሳለፈችው በመኮንኖች አገዛዝ ሥር ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃን የሚመራው ጦር ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ከተባለው ታጣቂ ኃይል ጋር እየተዋጋ ይገኛል። ጦሩ የአገሪቱ መሠረት ነው ተብሎ ሊደገፍ ይገባዋልን? በፖለቲካውስ ምን ቦታ ይኑረው? ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመተማው፦
ጦሩ ይደገፍ ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህን የምለው ለጦሩ አድልቼ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ በ2020 መጨረሻ በድንበር ላይ ያለውን የአል ፋሻጋን የእርሻ መሬት ይዞ የእኛን ገበሬዎች ያፈናቀለው ይኸው ጦር ነው። ነገር ግን ፈጥኖ ደራሽ በ2023 በምዕራብ ሱዳን ዳርፉር፣ በኤል ጄኒና ከተማ በመሳሊት ሕዝብ ላይ የፈጸመውን፣ በጥቅምት 2025 እዚያው ዳርፉር ኤል ፋሸርን ሲይዝ ያደረሰውን እልቂት የተከታተለ ሰው ሁለቱን ኃይሎች እኩል ሊያያቸው አይችልም። ጦሩ ጉድለቱ ቢበዛም የጦር ኮሌጅ፣ የማዕረግ ሥርዓትና ከየክፍለ አገሩ የተውጣጣ ወታደር አለው። ሌላው የአንድ ቤተሰብ ኃይል ነው፤ አዛዡ መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ ምክትሉም ወንድሙ አብዱልረሂም ነው። የሶማሊያ ጦር በ1991 ሲበተን ምን እንደተከተለ እኛ ጎረቤቶቿ አንዘነጋውም።

መምህሩ፦
ወንድሜ ስለ ፈጥኖ ደራሽ የተናገሩትን አንድም ቃል አልቃወምም። የምጠይቀው ይህን ኃይል ማን እንደፈጠረው ነው። በ2003 የዳርፉር ዐመፅ ሲነሣ ጦሩ በቂ እግረኛ አልነበረውም፤ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ተወላጆች ስለነበሩ በገዛ ወገናቸው ላይ ይዘምታሉ ብለው አዛዦቹ አላመኗቸውም። ስለዚህ ጃንጃዊድ የተባሉትን ታጣቂዎች አስታጥቀው አሰማሯቸው፤ አውሮፕላን ከላይ ሲደበድብ እነርሱ መንደር ያቃጥሉ ነበር። እነዚሁ ታጣቂዎች በ2013 ፈጥኖ ደራሽ ተብለው ተደራጁ፤ በ2017 ደግሞ በሕግ ጸደቀላቸው። እስከ 2019 ፕሬዚዳንት የነበረው ኦማር አል በሽር ራሱ በ1989 በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ መኮንን እንደመሆኑ፣ ሌላ መኮንን እንዳይነሣበት ከጦሩ ጎን ሌላ ጦር ማቆምን ዋስትናው አድርጎ ነበር። የመንግሥትን ሥልጣን የያዘ ጦር ከማንም በላይ የሚፈራው የራሱን ባልደረቦች ነው፤ በዚህ ፍርሃት የተነሣም ራሱን ይከፋፍላል። የዛሬው ጦርነት ሥሩ እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ጦሩን ከበሽታው ጋር መደገፍ ለአገሪቱ የሚጠቅም አይመስለኝም።

ገንዘቡንም እናንሣ። ጦሩ ከመሣሪያ ፋብሪካ አልፎ ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩ፣ ዱቄት የሚፈጩና በወርቅ የሚነግዱ ኩባንያዎች አሉት፤ ገቢያቸውም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር አይገባም ነበር። ዳጋሎም በበኩሉ በዳርፉር ያለውን የጀበል አሚርን ወርቅ ይዞ ከበረ። አል በሽር ከወረደ በኋላ የተሾሙት ሲቪሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ እነዚህ ኩባንያዎች በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ይግቡ ሲሉ ጥያቄው የሁለቱንም ጄኔራሎች ጥቅም የሚነካ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 2021 ቡርሃንና ዳጋሎ ተባብረው ሐምዶክን አሰሩ፤ ያን ዕለት በመካከላቸው ጠብ አልነበረም። በታኅሣሥ 2022 ሥልጣኑን ለሲቪሎች ለመመለስ የማዕቀፍ ስምምነት ሲፈረም ግን፣ ፈጥኖ ደራሽ ወደ ጦሩ በስንት ዓመት ይቀላቀል በሚለው ተጣሉ፤ ጦሩ ሁለት ዓመት አለ፣ ዳጋሎ ዐሥር። አምስት ወር ሳይሞላ ካርቱም በእሳት ጋየች።

ከካርቱም የተመለሰችው፦
እኔ በዚያች ከተማ ሠርቼ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መምህሩ ያላነሡትን ልጨምር። ሕዝቡ ጦሩን ይጠላ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በሚያዝያ 2019 አል በሽር ይውረድ ያሉት ወጣቶች ተሰብስበው የተቀመጡት በጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር፤ ከደኅንነቱ ጥይት ያድነናል ብለው አምነውት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው መኮንኖች ሕይወታቸውን አስይዘው ተከላክለውላቸዋል። ሰኔ 3 ቀን ያ ሰልፍ በጥይት ሲበተን፣ ከመቶ በላይ ሰው ሲገደል፣ ጦሩ በገዛ ደጁ ላይ የሚሆነውን አላስቆመም። ስለዚህ ጦሩ ስንል ጄኔራሎቹን ነው ወይስ እነዚያን መቶ አለቆች? ሁለቱን ለይተን ካላየን ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል።

የደሴው፦
አንዳንድ ሰዎች ነገሩን ሁሉ በሃይማኖት ሲተረጉሙ እሰማለሁና፣ እንደ ሙስሊምነቴ ዝም ማለት አልፈልግም። የሙስሊም አገር ያለ ወታደር አይገዛም የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። የአል በሽር አገዛዝ ከእስላማዊው የፖለቲካ መሪ ከሐሰን አል ቱራቢ ጋር ሆኖ የእስልምናን ስም ለሥልጣን ተጠቀመበት፤ በ2019 አደባባይ ላይ ጁምዓ እየሰገደ ያወረደውም ሙስሊሙ ሕዝብ ነው። ኢንዶኔዥያን ተመልከቱ። በ1998 ለረጅም ዘመን የገዛት ጄኔራል ሱሃርቶ ከወረደ በኋላ በ1999 ፖሊሱ ከጦሩ ተለየ፤ በፓርላማ ለወታደሮች የተያዘው ወንበር በ2004 ቀረ፤ በዚያው ዓመትም የጦሩን ንግድ መንግሥት እንዲረከብ ሕግ ወጣ፤ አፈጻጸሙ ሙሉ ባይሆንም። በሱዳንም ቢሆን በ1985 ጄኔራል ሲዋር አል ደሃብ ወታደራዊውን ፕሬዚዳንት ኑመይሪን አውርዶ ቃሉን ጠበቀ፤ በ1986 ምርጫ ተደርጎ ሥልጣኑን ለተመረጠው ሲቪል ለሳዲቅ አል ማህዲ አስረከበ።

የመተማው፦
የደሴው ወንድሜ፣ ምሳሌው መልካም ነው፤ ሆኖም ኢንዶኔዥያ ያንን ስታደርግ ዋና ከተማዋ የጦር ሜዳ አልነበረችም። ጦሩ በመጋቢት 2025 ቤተ መንግሥቱን ባያስመልስ ኖሮ ስለ ሲቪል አስተዳደር የምንከራከርበት ካርቱም አይኖርም ነበር። አስቀድሞ አገሩ ይዳን፤ ስለ ሥልጣን ከዚያ በኋላ እንነጋገር። ከጦሩ ጎን የተሰለፉ ታጣቂዎች በሙሉ በጦሩ ሕግ ሥር እንዲሆኑ ቡርሃን በነሐሴ 2025 መወሰኑንም እንደ ጥሩ ጅምር አየዋለሁ።

መምህሩ፦
ከዚያ በኋላ የሚለው ቃል ነው የሚያስፈራኝ፣ ወንድሜ። ዛሬ ከጦሩ ጋር የሚዋጉት እስላማዊው የአልበራ ኢብን ማሊክ ብርጌድና የዳርፉር ታጣቂ ንቅናቄዎች የየራሳቸው አዛዥ ያላቸው ናቸው፤ ጦሩ ዛሬም እግረኛ ስላጠረው እንደ 2003ቱ ሌላ ታጣቂ እያሳደገ ነው። እርስዎ የጠቀሱትን ውሳኔ አልንቀውም። ነገር ግን ፈጥኖ ደራሽም በ2017 በሕግ የጦሩ አካል ተብሎ ነበር፤ ደመወዙን ግን ከወርቁ ራሱ ይከፍል ስለነበር ማንም ሊያዘው አልቻለም። አደራዳሪዎቹ ተኩስ አቁም ሲጠይቁ በዚያው ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ታጣቂ ደመወዝ ከገንዘብ ሚኒስቴር እንዲወጣና የጦሩ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን እንዲያስረክቡ ቀኑ ተቆርጦ መጻፍ አለበት፤ በዚህ ላይ ከተስማማን ጦሩ አገር የመጠበቅ ሥራውን ይቀጥል በሚለው እርስዎና እኔ አንለያይም።