ከዲሽ ወደ ዳይሬክቲቪ ስንዛወር የተቀዳው ፕሮግራም ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ሲሆን ቤታችን ውስጥ አራት ቴሌቪዥኖች አሉ። እስካሁን ዲሽ የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያ ደንበኞች ነበርን፤ ሆፐር 3 የተባለው መቅጃ 16 ቻናሎችን በአንድ ጊዜ ስለሚቀዳ እናቴም ልጆቼም ተሻምተው አያውቁም። አሁን ወደ ሌላው የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያ፣ ወደ ዳይሬክቲቪ፣ ልንዛወር ነው። የተቀዳውን ይዘን መሄድ እንችላለን? የጣሪያው ሳህንስ ያገለግላል?

መልስ፦ ያሳዝናል፣ የተቀዳው አብሮ አይሄድም። ቅጂው የዚያው ኩባንያ መሣሪያ ብቻ በሚፈታው ቁልፍ ስለሚቆለፍ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ መቅጃ ላይ መሰካት ትርፉ ድካም ነው። እናትዎ የሚወዱትን ሁሉ አገልግሎቱ ከመቋረጡ በፊት ይዩት። ዳይሬክቲቪ ቻናሎቹን የሚያሰራጨው ከዲሽ በተለየ ቦታ፣ በ99፣ በ101 እና በ103 ዲግሪ ምዕራብ ካሉ ሳተላይቶች ስለሆነ ሳህኑም ይቀየራል።

መልስ፦ እኔ ደግሞ ስለ መቅጃው ልጨምር። ጂኒ 2 የተባለው የዳይሬክቲቪ መቅጃ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው 7 ቻናል ነው፤ ከ16 ለመጣ ቤተሰብ ልዩነቱ ይሰማል። ከዚህም በላይ ጂኒ 2 ራሱ ከቴሌቪዥን ጋር በቀጥታ ስለማይገናኝ፣ ለአራቱም ቴሌቪዥኖች ከመቅጃው ተቀብለው የሚያሳዩ አራት ሚኒ የተባሉ ትናንሽ መሣሪያዎች እንደሚያስፈልጉ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ያስቡበት። ምድር ቤት ያለውን የገመድ ማከፋፈያም ይመልከቱ፦ ጀርባው ላይ 5–1000 ሜጋኸርዝ የሚል ከሆነ የኬብል ቴሌቪዥን ነውና፣ አረንጓዴ ምልክት ባለው የ2–2150 ሜጋኸርዝ ማከፋፈያ እንዲተካ ባለሙያውን አጥብቀው ይጠይቁ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማከፋፈያውን አሁን ወርጄ አየሁት፤ የተጻፈበት 5–1000 ነው።