«ቀይ ግንዱ የውሻ እንጨት» ምን ልበለው?

ሐይቅ ዳር፦ ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። አንድ የአትክልት መጽሔት ስተረጉም እዚህ ላይ ቆምኩ፦ «ቀይ ግንዱ የውሻ እንጨት ውበቱ የሚታየው በክረምት ነው።» ዶግዉድ የሚሉት ነው። በአማርኛ ስም አለው?

የቅኔ ተማሪ፦ «እንጨት»ን ምን አመጣው? በግእዝ ዕፅ ዛፉንም እንጨቱንም ይይዛል። ዕፀ ከልብ በለው።

ቡና አጣጭ፦ አንባቢው ከልብ የመነጨ ዛፍ ይለዋላ!

የቅኔ ተማሪ፦ ከልብ ውሻ መሆኑን የማያውቅ ምን ሊያነብ መጣ?

የድሮው ደብተራ፦ ልጆች፣ ውሻውን ተዉት። የሳይንስ ስሙ ኮርኑስ ነው። ላቲኖቹ ቀንድን ኮርኑ ይላሉ፤ እንጨቱ እንደሱ ጠንካራ ነዋ። ታዲያ የኛው ቀርን አይደለም? «ሰብሕዎ በቃለ ቀርን»! ከኛ ነው የወሰዱት።

ቡና አጣጭ፦ ጀመሩን። ቀርን ቀንድ ሲሆን «ድ»ን ከየት አመጣ?

የድሮው ደብተራ፦ ከዳዊት።

የቅኔ ተማሪ፦ የኔታ፣ መዝሙር 150 ላይ እኮ መለከት ነው። ለቀንድ «ወይትሌዐል ቀርኑ በክብር» ይሻልዎታል።

የድሮው ደብተራ፦ መለከቱስ ከምን ተሠራ? ከቆርቆሮ?

አረንጓዴ እጅ፦ ስለ ጥንካሬው የኔታ እውነታቸውን ነው፤ የሸማኔ መወርወሪያ ይሠራበት ነበር። መለየት ለሚፈልግ፣ የቅጠሉ ጅማቶች የቅጠሉን ዳር ተከትለው ወደ ጫፉ ይቀለበሳሉ፤ ቅጠሉን ቀስ አድርጋችሁ ለሁለት ብትቀዱት ደግሞ ቀጫጭን ነጭ ክር ቁራጮቹን አንጠልጥሎ ይይዛቸዋል። አሜሪካ በሚበቅለው ባለ ነጩ ዓይነት ላይ አበባ የሚመስሉት 4ቱ ሰፋፊ ነገሮች መልካቸውን የለወጡ ቅጠሎች ናቸው፤ አበቦቹ መሐል ላይ የተኮለኮሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ዐረፍተ ነገሩን ያበላሸው ግን ውሻው ሳይሆን «ክረምት» ነው። ቀይ ግንዱ ዓይነት በፈረንጅ ብርድ ቅጠሉን ያራግፍና ቅርንጫፉ በረዶ ላይ ቀልቶ ይታያል። ያ ለኛ ታኅሣሥና ጥር ነው። የኛ አንባቢ ሐምሌ ላይ ሊጠብቀው ነው።

ቡና አጣጭ፦ ሀዋሳ ላይ ደግሞ ቅጠል የሚያራግፍ ብርድ የት ተገኝቶ!

የቅኔ ተማሪ፦ ሐጋይ ይባላል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25። አለቀ።

ቡና አጣጭ፦ ሐጋይ ቢሉት ማን ይገባዋል? ከፀደይ በፊት ያለው ወቅት ይበል።

የቅኔ ተማሪ፦ ፀደይ ስትል የመስከረሙን ነው የመጋቢቱን?

ቡና አጣጭ፦ የመስከረሙን ነዋ፣ አደይ አበባ የሚፈነዳበትን።

የቅኔ ተማሪ፦ እሱ መፀው ነው! ፀደይ መጋቢት 26 ይገባል። ይኸው፣ ዘፈን ያስተማረው ትውልድ።

የድሮው ደብተራ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ጸደይ በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ የሚጻፈው?