ክርክር፦ በዌልስ ራግቢ አንድ ክልላዊ ቡድን ይቅር?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዌልስ ራግቢ ማኅበር የወንዶች ፕሮፌሽናል ቡድኖቹን ከአራት ወደ ሦስት እንደሚያወርድ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። አሁን ያሉት ክልላዊ ቡድኖች ካርዲፍ፣ ኦስፕሬይስ፣ ስካርሌትስና ድራገንስ ናቸው። አንዱ ይቅር?

ቁጥር ይናገር፦ ይቅር። ዌልስ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። ካርዲፍ እንኳ በሚያዝያ 2025 ገንዘብ አልቆበት ማኅበሩ ራሱ ተረከበው። ስኮትላንድ በሕዝብ ትበልጣታለች፤ ሁለት ቡድን ብቻ አላት። ከሁለቱ አንዱ ግላስጎው፣ የዌልስ ቡድኖችም የሚጫወቱበትን ሊግ ዋንጫ በ2024 በላ። ገንዘቡ አራት ቦታ ሲበተን ማንም አይጠግብም።

የሰፈር ቡድን፦ ይሄ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። በ2003 ዘጠኙ ትልልቅ ክለቦች በአምስት ክልላዊ ቡድን ተጨፈለቁ። ፖንቲፕሪድና ብሪጅንድ «ሴልቲክ ዋሪየርስ» ተባሉ። ቡድኑ ያን ዓመት የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳውን የእንግሊዙን ዋስፕስን በገዛ ሜዳው አሸነፈ። ግን አንድ ሲዝን ተጫውቶ በ2004 ተዘጋ! ፖንቲፕሪድ በ1997 የዌልስ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። የፖንቲፕሪድ ሸለቆ ሰው በአንድ ጀምበር ትልቅ ቡድን አጣ። እስቲ ነገ ጊዮርጊስና ቡና አንድ ክለብ ይሁኑ ቢባል ስታዲየም የሚገባ ሰው አለ?

ቁጥር ይናገር፦ ስሜቱ ይገባኛል። ውጤቱንም እይ እንጂ። ከ1978 በኋላ ዌልስ ግራንድ ስላም (በየዓመቱ በሚደረገው የአውሮፓ አገሮች ውድድር ሁሉንም ጨዋታ ማሸነፍ) አልነበራትም። ክልሎቹ ከመጡ ወዲህ 2005፣ 2008፣ 2012፣ 2019።

የሰፈር ቡድን፦ የ2005ቱን ልጆች ማን አሳደጋቸው? ጋሬዝ ቶማስ ከብሪጅንድ፣ ማርቲን ዊልያምስ ከፖንቲፕሪድ ነው የመጡት። ክለቦቹ የዘሩትን ነው ክልሎቹ ያጨዱት።

ከደብሊን፦ እዚህ አየርላንድ ሌንስተርና መንስተር የሚባሉት የክፍለ ሀገር ቡድኖች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሰው አባቱ የደገፈውን ነው የሚደግፈው። ክለቦቹም የራሳቸው የመላ አየርላንድ ሊግ አላቸው። የዌልሱ ክልል ግን ቢሮ ውስጥ የተሳለ ነው። ስለዚህ የቡድኑ ቁጥር ብቻውን አይፈታውም።

ቁጥር ይናገር፦ እሺ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን የአራቱን ደሞዝ ማን ይክፈል?

የሰፈር ቡድን፦ ከባድ ጥያቄ ነው፣ አልክድም። ቡድን መዘጋቱ ግድ ከሆነ ግን የተረፈው ገንዘብ በ2024 ለተጀመረው የ10 ክለቦች ሊግ ይግባ። ፖንቲፑል፣ ኒውፖርት፣ ስዋንሲ እዚያ ናቸው። ቡድኑ የተዘጋበት ከተማ ልጅ ቅዳሜ የት እንደሚጫወት ደግሞ ከመዝጋታቸው በፊት ይንገሩን።