በአሮጌ ቤት ፍርስራሽ ላይ በመሣሪያ ብረት መፈለግ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ሰው የለቀቀው፣ ግድግዳው የወደቀ፣ መሠረቱ ብቻ የቀረ አሮጌ ቤት አለ እንበል። አንድ ሰው ባለመሬቱን አስፈቅዶ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ቦታውን እየፈተሸ ሳንቲም፣ የልብስ ቁልፍ ወይም ቀለበት ማውጣት ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል?

ባለመሣሪያው፦ ይፈቀድ! በትርፍ ጊዜዬ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ እንደ ሌባ መታየቱ ያንገበግበኛል። መሣሪያው ወርቅ የሚያሸት አስማት አይደለም። ጥቅል ሽቦው መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ የተቀበረው ብረት ለዚያ ምላሽ ሲሰጥ በጆሮዬ ድምፅ እሰማለሁ። አብዛኛው የዛገ ምስማር ነው። በቀደም ግን ከአንድ ፍርስራሽ ደጃፍ አንዲት የናስ የልብስ ቁልፍ አወጣሁ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ክር የሚገባበት ቀለበቷ ሳይሰበር ብቅ አለ። የለበሳት ሰው በዚያ ደጃፍ ወጥቶ ገብቷል። እርጥበትና ማዳበሪያ በልቶ ከሚጨርሳት እኔ ባወጣት ምን አጠፋሁ?

አፈር አንባቢ፦ ወንድሜ፣ ለቁልፏ ያለህን ስስት ስላየሁ በግልጽ ልናገር። ከወለሉ በላይ ነበረች ወይስ በታች? ከአመዱ ንብርብር ውስጥ ወይስ ከላዩ? ከወለል ሥር የተገኘ ሳንቲም ወለሉ የተነጠፈው ሳንቲሙ ከተሠራ በኋላ መሆኑን ይመሰክራል። ያው ሳንቲም ከወለሉ በላይ ቢገኝ ምስክርነቱ ሌላ ነው። ጉድጓድህ ሲቆፈር ያ ንብርብር ተቆረጠ፤ መልሰህ ብትደፍነውም አይቀጠልም።

ሌላው ደግሞ ምስማሩ ነው። ብዙዎቻችሁ ጆሮ እንዳያሰለች መሣሪያውን እንደ ምስማር ያለ ተራ ብረት ድምፅ እንዲዘልል ታስተካክሉታላችሁ። የወደቀ በር እንጨቱ በስብሶ ቢያልቅ እንኳ ምስማሮቹ በተርታ ተኝተው ይቀራሉ። በሩ ወዴት እንደወደቀ፣ ጣሪያው በምን እንደተያያዘ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። እናንተ ለአንዲት ቁልፍ ብላችሁ ቤቱን ዝም ታሰኛላችሁ።

ባለመሣሪያው፦ እኛ ባንኖር ስንቱ ነገር ተቀብሮ ይቀር ነበር? እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለች መንደር አንድ ሰው የገበሬ ወዳጁን የጠፋ መዶሻ በመሣሪያ ሲፈልግ 15,000 ያህል የሮማ ዘመን ሳንቲሞችና የወርቅ ጌጦች ያሉበት ክምችት አግኝቷል። ያገኘው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አይደለም።

አፈር አንባቢ፦ ጥሩ አድርገህ አነሣኸው፤ እኔም የማከብረው ሰው ነው። የማከብረው ግን ስላገኘ ሳይሆን ስላቆመ ነው። የሚበዛው ገና መሬት ውስጥ እያለ መቆፈሩን ትቶ አስታወቀ። ባለሙያዎቹ ደርሰው ቀሪውን በቦታው እንዳለ ስላወጡት፣ ዕቃው በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድሮ እንደነበር ለማወቅ ተቻለ። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በዚያ ደጃፍ ቁልፏን ስታይ አንተ አቁመህ ነበር?

ሕግ አዋቂ፦ አገሮች አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አየርላንድ ከ1987 ወዲህ ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ዕቃ በመሣሪያ መፈለግን ከልክላለች። በአሜሪካ የ1979ኙ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ 100 ዓመት የሞላውን ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል፤ የግል መሬት ግን ከዚያ ውጭ ነው። የእንግሊዝና የዌልስ የ1996ቱ ሕግ ደግሞ መፈለጉን ፈቅዶ፣ ውድ ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ዋናው መለኪያ ግን የወርቅና የብር መጠን ከ300 ዓመት ዕድሜ ጋር ነው። የተራ ሰው ቤት ምስማርና የናስ ቁልፍ ከዚያ ወንፊት ሾልከው ይወጣሉ፤ ሕጉ አይነካቸውም። ክርክራችን የበረታው ሕጉ በሳሳበት ቦታ ስለሆነ ነው።

የቤቱ ልጅ፦ ሁላችሁም ስለ ባለመሬት ፈቃድ ስታወሩ ስለ እኛ አንድም ቃል አልሰማሁም። መሬቱ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ገዢው ቢፈቅድ መብቱ ነው እንበል። እዚያ ደጃፍ የጠፋች ቀለበት ብትገኝ ግን የአያቴ ልትሆን ትችላለች። ሙዚየምም አልፈልግም፣ የማያውቀኝ ሰው መሳቢያም አልፈልግም። ማውጣታችሁ ካልቀረ ቢያንስ በዚያ ቤት ማን ይኖር እንደነበር ጠይቁ።

አፈር አንባቢ፦ እህቴ እውነት ብላለች፤ እኔም አላሰብኩበትም ነበር። አቋሜን ላጥራ፦ ማረሻ ደጋግሞ ያገላበጠው አፈር ላይ ንብርብሩ ቀድሞ ስለተበላሸ፣ ቦታውን በካርታ እየመዘገበ ለሚፈልግ ሰው ይፈቀድ። ወለሉና መሠረቱ ባልተነካ ቤት ውስጥ ግን ይከልከል፤ ባለመሬቱ ቢፈቅድም።

ባለመሣሪያው (በማግስቱ)፦ ክልከላውን አሁንም አልቀበልም፤ የሚደበቀውን ያበዛዋል እንጂ አያስቆመውም። ነገር ግን ስለ ምስማሩ የተባለው ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከዚያ ቤት ያወጣኋቸው ምስማሮች ጓሮዬ ውስጥ በባልዲ አሉ። ሄጄ አየኋቸው፤ አንዳንዶቹ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ታጥፏል፣ ከጣውላ ጀርባ የተቀጠቀጡ ይመስላሉ። የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ግን መለየት አልቻልኩም።