ድምፃዊን በመድረክ ሥራው መተዋወቅ የሚሻ ሰው ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ ከ«አድማጭ»

ዘመናዊ ድምፃውያንን የማውቃቸው በስቱዲዮ በተቀረጹ አልበሞቻቸው ብቻ ነው። ሰሞኑን ግን የአንድ ባንድ የኮንሰርት ቀረጻ ስመለከት፣ በአልበሙ ውስጥ ልብ ብዬው የማላውቀው የኦርጋን ተጫዋች ሙዚቃውን ከዳር እስከ ዳር ሲመራው አይቼ እጅግ ተደነቅሁ። አዲስ ሙዚቀኛ ለመተዋወቅ ስፈልግ ከመድረክ ሥራው ብጀምር ይሻላል ወይስ አልበሙን ላስቀድም? የኮንሰርት ቀረጻዎች ብዙ ጊዜ የድምፅ ጥራታቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ለሙዚቀኛው የሚኖረኝን ግምት እንዳያዛቡብኝ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ከ«ዜማ ወዳድ»

ከመድረኩ ይጀምሩ። ሥራቸው ከታዳሚ ጋር በሚደረግ ቅብብል ላይ የቆመ ድምፃውያንን በሌላ መንገድ በሙሉ ማወቅ አይቻልም ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊው የሶል ድምፃዊ ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1962 ኒው ዮርክ በሚገኘው አፖሎ ቲያትር ያቀረበውን ዝግጅት በአልበም ለማውጣት ሲያስብ፣ የሸክላ አሳታሚው ኃላፊ ሕዝቡ ቀድሞ የገዛቸውን ዘፈኖች ደግሞ አይገዛም ብሎ በመጠራጠሩ፣ የቀረጻውን ወጪ ብራውን ከራሱ ኪስ ከፈለ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው አልበም ከአንድ ዓመት በላይ ከሽያጭ ሰንጠረዥ አልወረደም። ሲያዳምጡት ምክንያቱ ይገባዎታል፤ ብራውን ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ታዳሚው ይጮኻል፣ ባንዱም ጩኸቱን ጠብቆ ይመልሳል፣ በሸክላ ላይ አጭር የነበረ አንድ ዝግ ያለ ዘፈንም ከ10 ደቂቃ በላይ ይዘልቃል።

ቦብ ማርሊንም ያስቡ። «ኖ ዉማን ኖ ክራይ» መጀመሪያ በስቱዲዮ የተቀረጸው በኤሌክትሮኒክ ከበሮ ነበር። ዓለም በቃሉ የያዘው ግን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1975 ለንደን በላይሲየም ቲያትር የተቀዳው፣ ረጋ ያለውና ታዳሚው አብሮ የሚዘምርበት ቅጂ ነው።

መልስ፦ ከ«ስቱዲዮ»

በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ በሺ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ለሚሆን ሰው ሲጫወቱ፣ የሕዝቡ ጩኸት ከድምፅ ማጉያዎቹ ስለበለጠ ራሳቸውን እንኳ በቅጡ መስማት አልቻሉም ነበር። በ1966 የኮንሰርት ጉዟቸውን ካቆሙ በኋላ የሠሯቸው እጅግ የተራቀቁ ሥራዎች የተወለዱት ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ እነርሱን በመድረክ ቀረጻ ልወቅ የሚል ሰው ዋናውን ነገር ያጣዋል። ደግሞም «በቀጥታ የተቀረጸ» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ አልበሞች ከኮንሰርቱ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው፣ የተሳሳተው ኖታ ተስተካክሎ፣ ድምፅም ተደርቦባቸው የወጡ ናቸው።

መልስ፦ ከ«ዜማ ወዳድ»

ስለ ቢትልሶች ያሉት እውነት ነው፤ ስለ ድረባውም እንዲሁ። ቢሆንም የተገላቢጦሹም ሙዚቀኛ አለ፤ ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ አንድን ዜማ አስቀርጾ ካወጣ በኋላ በመድረክ ላይ ደግሞ አለመጫወትን ልማዱ አድርጎ ስለነበር፣ ወደ ኮንሰርቱ የሚሄድ ሰው የሚሰማው ገና በሸክላ ያልወጣውን ሥራ ነበር።

መልስ፦ ከ«ሦስተኛ ረድፍ»

ጠያቂያችን ስለ ድምፅ ጥራት ላነሡት ስጋት ልመልስ። ከድምፅ ማደባለቂያው በቀጥታ የተወሰደ ቀረጻ ሁሉንም መሣሪያ ለይቶ ያሰማል፤ ታዳሚ በስልኩ የቀዳው ግን የስልኩ ማይክራፎን ኃይለኛውን የቤዝና የከበሮ ድምፅ መሸከም ስለማይችል ይሰነጣጠቃል። በሁለተኛው ዓይነት በማንም ላይ አይፍረዱ። ከዚህ ውጭ ጥቃቅን ጉድለቶች አያስፈሯችሁ፤ የድምፃዊው ትንፋሽ ማጠርና ባንዱ ስሕተትን ሸፍኖ የሚያልፍበት ብልሃት ስለ ሙዚቀኞቹ ብዙ ይነግሩናል።

ደግሞም የመድረክ ኃይል የግድ ከትልቅ ባንድ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1988 ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም በተዘጋጀው ኮንሰርት፣ ስቲቪ ዎንደር በመሣሪያው ችግር ምክንያት በሰዓቱ መውጣት ሳይችል ሲቀር፣ ቀደም ብላ ተጫውታ የነበረችው ትሬሲ ቻፕማን አንዲት ጊታር ይዛ ክፍተቱን እንድትሞላ ተደረገ። የመጀመሪያ አልበሟ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ በቴሌቪዥን ይከታተል የነበረው ሰፊ ሕዝብ ያወቃት በዚያ ምሽት ሲሆን አልበሟም ብዙ ሳይቆይ የሽያጩን አናት ያዘ። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ቀረጻ ነው፤ ከዚያም የስቱዲዮውን ቅጂ አጠገቡ አድርገው ያነጻጽሩት።